ጽጌ ሸክም ይዛ የተሻገረችበት ሰኔ

የዚያን ዕለት ጠዋት ወንዙ ዳር የነበርነውን አንድ በአንድ ልጥራ። እናቴ አስካለ። እህቴ ጽጌ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የወረዱት ጎረቤቶቻችን እትዬ ዘነበች እና እትዬ ሸዋዬ። ጡረታ የወጡት ወታደር ባሻ ደምሴ። ከካራ በኩል ወተት ጭነው ወደ ከተማ የሚወርዱት ኦቦ ቱሉ፣ ከአህያቸው ጋር። የመጨረሻው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አልነበረም። በኋላ እኛም ነበርን ያሉ ሰዎች ሞልተዋል፤ እነሱ የደረሱት ውሃው ከጎደለ በኋላ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት ኃይለኛ ዝናብ ከጣለ በኋላ ወደ ድሮው መሻገሪያ ወረድኩ። ጎርፉ ሲሸሽ ዳር ዳሩን የተወው ጭቃ ገና አልደረቀም ነበር። ሽታው የጭቃ ብቻ አይደለም። የተላጠ የባሕር ዛፍ ቅርፊት፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ ከሥሩ የተነቀለ ሣር አለበት፤ ከሁሉም በታች ደግሞ እርጥብ ብረት የሚመስል ነገር አለ። ይህን ሽታ ሌላ ቦታ አግኝቼው አላውቅም። እዚያው እንደ ቆምኩ ጉልበቶቼ የእናቴን ጎን ግራና ቀኝ ጨብጠው የያዙ መሰለኝ።

ቤታችን ከየካ ሚካኤል ወደ ላይ፣ አቀበቱ ሊጀምር ሲል ነበር። አባታችን ጽጌ ትምህርት ቤት በገባች በዓመቱ ስለሞተ ቤቱን የያዘችው እናቴ ነበረች። ሥራዋ እንጨት ነው። ጎህ ሳይቀድ ከእትዬ ዘነበችና ከእትዬ ሸዋዬ ጋር እንጦጦ ትወጣለች፤ ጭራሮና የወደቀ ቅርንጫፍ ትለቅማለች፤ በገመድ አስራ፣ ወገቧ ላይ አሳርፋ፣ ጎንበስ ብላ ቁልቁል ትወርዳለች። ሸክሙ ከእሷ ቁመት ይረዝም ስለነበር መንገዱን የምታልፈው አንዳንዴ በጎኗ ነው። ሦስቱ ሴቶች ከሩቅ ሲመጡ እግር ያበቀለ የእንጨት ክምር ነበር የሚመስሉት። እናቴን የምለያት በአረማመዷ ነው፤ ግራ እግሯን ትንሽ ወደ ውጭ ትጥላለች።

ጽጌ ግን እንጨት አትሸከምም። ይህ የእናቴ ሕግ ነበር። ቤት ትጠርጋለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ሽሮ ትሠራለች። ውሃ እንኳ በእንስራ ሳይሆን በባልዲ፣ በእጇ አንጠልጥላ ነበር የምታመጣው። ጀርባዋ ላይ ገመድ አያርፍም። እትዬ ሸዋዬ አንድ ቀን በራችን ላይ ሸክማቸውን አስደግፈው ሲያርፉ፣ ጽጌ የቤታችሁ ልጅ ናት ወይስ እንግዳ ብለው እናቴን ነካ አደረጓት። እናቴ ገመዷን እየጠቀለለች፣

«እኔ የተሸከምኩት የእሷንም ነው» አለቻቸው።

በዚያ ዓመት ጽጌ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። በዓመቱ መጨረሻ ከየትምህርት ቤቱ የሚመጡ ልጆች አንድ ላይ የሚቀመጡበት ትልቅ ፈተና አለ። በእኛ ሰፈር እዚያ የደረሰች ሴት ልጅ አልነበረችም። አጎታችን ለፋሲካ ከአገር ቤት መጥቶ ለጽጌ ባል ማግኘቱን ነግሮን ነበር። ሰውየው ደኅና ሰው፣ መሬቱም ሰፊ ነው አለ። እናቴ ዶሮዋን ካቀረበች በኋላ የሰጠችው መልስ አጭር ነው፤ ፈተናውን ካለፈች ትማራለች፣ ካላለፈች ግን መጥተህ ውሰዳት። ይህን ስትል ጽጌ ጓዳ ውስጥ ሰሐን እያጠበች ነበር። የሰሐኑ ድምፅ ቆሞ እንደገና ሲጀምር ትዝ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ኩራዙ የጽጌ ሆነ። እኔ ገና ትምህርት ቤት አልገባሁም። ብርሃኑ አንድ ስለሆነ ከመጽሐፏ ፊት ለፊት እቀመጥና እሷ የምታነበውን እያየሁ አፏን እከተላለሁ። ፊደልን መጀመሪያ ያወቅኩት በዚህ ዓይነት ስለሆነ ያወቅኩት ተገልብጦ ነው። ዛሬም መጽሐፍ ተገልብጦ ቢሰጠኝ ያለ ችግር አነባለሁ፤ የማንም እጅ የለበትም፣ ኩራዙና ጽጌ ናቸው ያስተማሩኝ።

ስለ ፈተናው ግን አንድ ነገር ተሳስቼ ነበር። እናቴ እሑድ እሑድ የጽጌን ፀጉር ስትሠራ እጇን በጀርባዋ ላይ ታሳልፍና፣ ይህ ጀርባ የሚጠብቀው ፈተናን ነው፣ ገመድን አይደለም ትላለች። እኔም ፈታኞቹ ጀርባ የሚያዩ መሰለኝ። ልጆቹን አሰልፈው፣ ልብሳቸውን ገልጠው፣ የገመድ ምልክት ያለበትን ወደ ቤቱ የሚመልሱ። ለማንም አልነገርኩም። አንዳንዴ ጽጌ ስትተኛ ጀርባዋን አይቼ ንጹሕ መሆኑን አረጋግጥ ነበር።

በሰኔ መጨረሻ፣ በፈተናው ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። ግቢያችን ነጭ ሆነ፤ የጎመኑ ቅጠል ተበሳስቶ ወንፊት መሰለ። በረዶው ሲያባራ ዝናቡ ቀጠለ፣ እስኪነጋም አላቆመም። ወንዙ ድንጋይ ሲያንከባልል ቤታችን ድረስ ይሰማ ነበር። በዚያን ጊዜ እንጦጦ ራስ ላይ በር ያለው ኩሬ አለ ብዬ አምን ነበር፤ ሲሞላባቸው መነኮሳቱ የሚከፍቱት። ማን እንደ ነገረኝ አላውቅም፤ ምናልባት ማንም አልነገረኝም።

ጠዋት እናቴ እንጦጦ አልወጣችም። ከበዓል ቀን በቀር ሥራ ስትቀር ያየኋት ያኔ ነው። ጽጌን እስከ ትምህርት ቤቱ በር አደርሳታለሁ አለች። እኔም አለቀስኩና ተከተልኩ፤ ፈታኞቹ ጀርባዋን ሲያዩ እዚያ መገኘት ፈልጌ ነበር። ጽጌ የታጠበ ዩኒፎርሟን ለብሳለች። ጫማዋ በማሰሪያው ተቋጥሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። እርሳሷን ሹሩባዋ ውስጥ ሰክታዋለች።

መሻገሪያው ላይ ስንደርስ ድልድዩ የለም። ድልድይ የምንለው ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ጎን ለጎን ተቸንክሮ ነው፤ ከእሱ የቀረው በወዲህ ዳር የተተከለው ችካል ብቻ ነበር። ውሃው የጠላ አተላ መልክ ይዞ ወደ ጎን ሰፍቷል። ቅርንጫፍ ያልፋል፣ የዶሮ ቆጥ ያልፋል። የማን እንደሆነ የማይታወቅ በርጩማ ቀጥ ብሎ እንደ ተቀመጠ ሲያልፍ አየሁ። በመኪናው መንገድ እንዳንዞር ከዚያ በፊት ሌላ ጅረት አለ፤ እሱም መሙላቱን ባሻ ደምሴ አይተው ተመልሰዋል።

ባሻ ከእኛ በፊት ደርሰው በትራቸውን ይዘው ውሃውን ይቆጣጠራሉ። ኦቦ ቱሉ የወተት ቅሎቻቸውን ከጫነችው አህያቸው ጎን ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ለእናቴ፣ ዝናቡ ከላይ ከተራራው ቆሟል፣ ሰማዩም ተከፍቷል፣ እኩለ ቀን ሳይሆን ውሃው ይጎድላል አሏት።

«እስከዚያ ወተቱ ይረጋል፤ ምን ላድርግ፣ ቅቤ ይሁን» አሉ።

«ፈተናው ሁለት ሰዓት ላይ ነው፣ ኦቦ ቱሉ» አለች ጽጌ። ድምፅዋ ከወትሮው ቀጭን ነበር።

ኦቦ ቱሉ ፈገግታቸውን ተዉና ወንዙን እንደገና አዩት።

በመጀመሪያ የሞከሩት ባሻ ናቸው። ካፖርታቸውን አወለቁ፣ ሱሪያቸውን ሰበሰቡ፤ ሰው በቀለለ ቁጥር ውሃ አይይዘውም፣ እኔ ጥልቀቱን ልለካና ልጅቱን ይዤ እሻገራለሁ አሉ። ጥቂት ሄዱ። ከጉልበታቸው በላይ ሲደርስ ውሃው አስቀመጣቸው፤ ልክ ወንበር እንደ ቀረበለት ሰው ተቀመጡ። ዝቅ ብሎ ያለውን የአኻያ ሥር ይዘው ወጡ፤ በትራቸው ሄደ። ከጭቃው ላይ ተነሥተው፣ ይህ ወንዝ ማዕረግ አያከብርም አሉ። ከእናቴ በቀር ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ጽጌን በአህያዋ ላይ እናስቀምጥ ተባለ። ኦቦ ቱሉ ጭነቱን አውርደው አህያዋን ወደ ውሃው መሩ፤ እሷ ግን ሁለት ፊት እግሯን ተክላ ቀረች። ወለሉን ያላየችበት አትገባም አሉ፤ እንዳይቆጧትም ለመኑን።

እትዬ ዘነበችና እትዬ ሸዋዬ የደረሱት ያኔ ነው። በበረዶው ምክንያት ትናንት ተራራው ወገብ ላይ ጥለውት ያደሩትን ሸክም አንሥተው ነው የመጡት። እንጨቱ ዝናብ ጠጥቶ ከወትሮው ከብዷል። እትዬ ዘነበች ውሃ የሚንጠባጠቡትን ባሻን ከላይ እስከ ታች አዩና፣

«ባዶ ጀርባዎን ነው የገቡት?» አሏቸው። «እኛ ሲሞላ የምንሻገረው እኮ እንጨቱ ወደ ታች እየተጫነን ነው። እግር የሚያቆመው እሱ ነው።»

ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ።

«ጽጌን እንጫናት፣ አስካለ። የኔን ትሸከም፤ ሸዋዬ ከፊት ትምራት።»

«አይሆንም» አለች እናቴ።

«አንቺ ራስሽ በዚህ ውሃ ስንት ክረምት ተሻግረሽ የለም?»

«እኔ። የእሷ ጀርባ ላይ ገመድ አያርፍም ብያለሁ።»

«ለምን እንዳልሽ እናውቃለን። ዛሬ ግን ሌላ መሻገሪያ የላትም።»

እናቴ እኔው አዝላታለሁ አለች። ጽጌ ግን በቁመት ከበለጠቻት ቆይታለች። እናቴ ማዶውን ታያለች፤ እኔም አጎታችን ያገኘው ባል እዚያ የቆመ ይመስል ማዶውን አያለሁ።

ጽጌ ሄደች፣ በእትዬ ዘነበች ፊት ጀርባዋን አዙራ በርከክ አለች።

«እትዬ፣ ይጫኑኝ።»

እትዬ ዘነበች ሸክሙን ከራሳቸው ፈትተው ገመዱን ሊያነሡ ሲሉ እናቴ እጃቸውን ያዘች።

«ተዪው፤ የማስረው እኔ ነኝ።»

እንጨት ተሸካሚዎቹ ወንዝ ሲሻገሩ የሚያስሩት የተለየ ቋጠሮ አለ። ደረት ላይ ይውላል፤ አንዱ ጫፉ ከተሳበ በአንድ ጊዜ ይፈታና ሸክሙ ይወድቃል፣ ሰውየው ይተርፋል። እናቴ ይህን ቋጠሮ ቀስ ብላ፣ ሁለት ጊዜ እየፈተሸች አሰረች። ጫፉን በጽጌ ቀኝ እጅ አስያዘቻት። ከወደቅሽ ይህን ሳቢ፣ ካልወደቅሽ አትንኪው አለቻት።

እኔ ያኔ ጮክ ብዬ አለቀስኩ። ገመዱ ትከሻዋ ላይ ሲሰምጥ አይቻለሁ። ምልክቱን ያያሉ፣ ይመልሷታል አልኩ። ሰዎቹ ያልኩት አልገባቸውም፤ ጽጌ ግን ገባት። ጎንበስ እንዳለች፣ ከሸክሙ ሥር ቀና ብላ አየችኝና ያን ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

«ሞኝ፣ ጀርባዬን ማን ያየዋል? የሚያዩት ወረቀቱን ነው።»

እናቴ አልሳቀችም።

እናቴ ራሷ ባዶ ነበረች፤ እሷም ክብደት ያስፈልጋታል። እኔን አየችኝ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ና ውጣ አለችኝ። በመቀነቷ አጥብቃ አሰረችኝ። ባሻ ከታች በእጃቸው መዘኑኝና ልጁ ቀለለ አሉ። ካፖርታቸውን ወንዙ ውስጥ ነክረው፣ እንደዚያው እየተንጠባጠበ ከላይ አለበሱኝ። እንደ በሬ የሚከብድ ነገር ነበር፤ የአሮጌ ሱፍና የትንባሆ ሽታ አለው። ለቅሶዬን ያቆምኩት በኩራት ነው። ሸክም ሆኛለሁ። እናቴን የማቆማት እኔ ነኝ።

ገባን። ከፊት እትዬ ሸዋዬ፣ ቀጥሎ ጽጌ፣ ከኋላ እኛ። እትዬ ሸዋዬ ሳይዞሩ ይናገራሉ፤ ውሃውን አትዪ ራስሽ ይዞራል፣ ማዶ ያለውን ዛፍ እዪ፣ እግርሽን አታንሺው፣ ጎትቺው። የሚሄዱት ቀጥ ብለው አይደለም፤ ትንሽ ወደ ላይ፣ ወደ ውሃው መምጫ ዘንበል ብለው ነው። ውሃው በእናቴ ጭን ላይ ሲመታ ምቱ እኔ ዘንድ ይደርሳል። ከሥር ድንጋዮች ሲጋጩ በእግሯ፣ በጎኗ፣ በጉልበቴ አልፎ ይሰማኛል።

መሐል ላይ ከጽጌ እግር ሥር ድንጋይ ተንከባለለ። ሸክሙ ወደ ግራ አዘነበለ፤ የእንጨቱ ጫፍ ውሃውን ነካና ውሃው ይስበው ጀመር። ቀኝ እጇ የገመዱን ጫፍ ጨበጠ። ኦቦ ቱሉ ከኋላችን ዳር ላይ ሆነው፣ «ሱታ! ሱታ!» ይሏታል፤ ቀስ በይ ማለታቸው ነው። ቋጠሮውን ብትስበው እንጨቱ ይሄዳል፣ እሷም ባዶዋን መሐል ወንዝ ላይ ትቀራለች። እናቴ ከኋላዋ ሆና ተናገረች። አልጮኸችም፤ ድምፅዋ ግን ከውሃው በላይ ተሰማ።

«አትፍቺው። አልወደቅሽም። ቁሚ።»

ጽጌ ቆመች። ምን ያህል እንደ ቆመች መናገር አልችልም። ግራ እግሯ መሬት ሲፈልግ ሸክሙ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። ከዚያ ሸክሙ ቀጥ አለ፣ ተራመደች፤ እትዬ ሸዋዬ ዳር ወጥተው እጃቸውን ሰጧት።

ማዶ እናቴ የገመዱን ጫፍ በአንድ ጊዜ ሳበችው፤ እንጨቱ ጭቃው ላይ ወደቀ። የጽጌ ዩኒፎርም ጀርባው ላይ የቅርፊት ቀለም ጠጥቶ ቡናማ ሆኗል፤ ገመዱ የዋለበት መስመርም ይታያል። እናቴ ነጠላዋን አውልቃ አለበሰቻት። ጽጌ ጫማዋን አደረገች፣ እርሳሷ መኖሩን በእጇ ዳሰሰች፣ ከእትዬ ሸዋዬ ጋር ሮጠች። እትዬ ሸዋዬ ሸክማቸውን እንደ ያዙ ነው የሮጡት። ደወሉ ሲደወል ጽጌ በሩን ስታልፍ በዓይናቸው አይተው ነው ወደ ገበያቸው የሄዱት።

እናቴ ያለ ነጠላ ወደ ከተማ አልገባችም። የእትዬ ዘነበችን እንጨት እየጠበቅን ዳር ላይ ተቀመጥን። ፀሐይ ወጣች። ውሃው የሚነካበት ቦታ ላይ ጭራሮ ተከልኩ፤ ዞር ብዬ ሳየው ጭራሮው ደረቅ መሬት ላይ ቆሟል። ሌላ ተከልኩ። ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ከውሃው ወጡ፤ እያንዳንዱ አንገቱ ላይ ሣር ተጠምጥሞበታል። ሽታው ያኔ ነው የመጣው። እትዬ ዘነበች ውሃው ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ሲደርስ ባዶ እጃቸውን ተሻግረው መጡ። እናቴ እንጨታቸውን አንሥታ አሸከመቻቸው።

ከሰዓት በኋላ ጽጌ ስትመለስ ልጆች ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ ይጫወቱ ነበር። ጫማዋን ሳታወልቅ ተሻገረች። የሰፈር ሰው ወሬውን ሰምቶ ሊያይ ወርዶ ነበር፤ አንዱ ወንዙን እያየ፣ ይህን ዶሮ ትሻገረው የለም እንዴ ብሎ ሳቀ። ባሻ ደምሴ በትራቸው እንዴት እንደ ጠፋ ሊያስረዱ ሞከሩ፤ ይበልጥ ተሳቀ።

ጽጌ ፈተናውን አለፈች። ክረምቱ ሲወጣ ወሬውን ከከተማ ያመጡት እኚያው ባሻ ናቸው፤ ከመንገዱ ጀምረው እየተናገሩ ነው የመጡት፣ እኛ ዘንድ ሲደርሱ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። አጎታችን ለመስቀል መጣ። እናቴ በደንብ ተቀበለችው፣ ጠላ ቀዳችለት፣ ጽጌ እንደምትማር ነገረችው። እሱም ሰውየው እየጠበቀ ነው ሊል ሲጀምር፣ እናቴ ከዚያ በፊት ለማንም ተናግራው የማታውቀውን ነገር አወራችለት። ልጄ የዘነበችን ሸክም ይዛ ሙሉ ወንዝ ተሻግራ ነው የተፈተነችው፣ ገመዱንም ያሰርኩት እኔ ነኝ አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመጣ ሰው ሁሉ ትናገረው ነበር። አጎታችን ጠላውን ጨርሶ ሄደ።

ያየሁትን ሁሉ በቻልኩት መጠን ሳልጨምር ጽፌያለሁ። ካፖርቱ ጥቁር ይሁን ቡናማ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ባሻ ያርሙኝ። አህያዋ በመጨረሻ በስንት ሰዓት እንደ ተሻገረች ኦቦ ቱሉ ያውቃሉ። አንድ ነገር ግን ከእኔ ዘንድ ጭራሽ የለም። በዚያ ወንዝ መሐል እናቴ «አልወደቅሽም» ስትል እኔ ከጀርባዋ ነበርኩ፤ የማየው ማጅራቷንና የጽጌን ሸክም ነው። እትዬ ሸዋዬ፣ እርስዎ ዳር ላይ ወጥተው ፊትዎን ወደ እኛ አዙረው ነበር። ያን ጊዜ የእናቴ ፊት ምን ይመስል እንደነበር ይንገሩኝ፤ እዚህ ላይ እጽፈዋለሁ።